ሱሉልታ ያለው የቮልስ ጋራዥ፦ ዕቃ ከመለወጡ በፊት የሚመረምር መካኒክ

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ ይዘው፣ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግረው ሱሉልታ ሲገቡ ከአስፋልቱ በስተግራ የሚታጠፍ የኮብልስቶን መንገድ አለ። ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ፣ በክረምት ከሆነም ጭቃው ሲጀምር ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያገኛሉ። ስም አልተጻፈበትም። አጥሩ ላይ የተሰቀለ የቮልስ ኮፈን ካዩ ደርሰዋል ማለት ነው። ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፦ ጋሼ ፈጣን አይደሉም፣ ስልክ አያነሡም፣ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ሲጠየቁ መልሳቸው «ሲያልቅ» ነው። ቢሆንም ለዓመታት ቆማ የኖረች አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቢያማክረኝ የምልከው ወደ እርሳቸው ነው። ምክንያቴም አንድ ነው፤ ዕቃ ከመለወጣቸው በፊት በሽታውን ያገኙታል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ማዘዣ ሳይዝ መጥቶ «ሳል ይዞኛል፣ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ስጪኝ» የሚለኝን ሰው ስመልስ ነው የምውለው። አብዛኞቹ ጋራዦቻችን እንደዚያ ሰው ናቸው፤ የሚያክሙት መርምረው ሳይሆን ገምተው ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የተሠራች፣ 1300 ሞተር ያላት ቮልስ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን አባቴ ሳይተርክ በቤታችን እንግዳ ቡና ጠጥቶ አያውቅም፤ የእኛዋ ያቺ አለመሆኗን ግን የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ዓይኑ ሲደክም መንዳት ተወ። የፊት መስታወቷ ላይ የተለጠፈው የመጨረሻ ቦሎ የ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ ሱሉልታ ባለው ቤታችን ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሸራ ለብሳ፣ ሳልባትዮዋ (የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ) ውስጥ ግማሽ ያህል ቤንዚን እንደያዘች ቆማ ኖረች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የአሮጌ መኪና ዋጋ መወራት ሲጀምር ወንድሜ «እንሽጣት» አለ፤ እኔ «እንንዳት» አልኩ። አባቴ ምንም አላለም፤ ቁልፉን ግን የሰጠው ለእኔ ነው።

መጀመሪያ የወሰድናት ከተማ መሀል ወዳለ፣ ስሙን ወደማልጠራው ጋራዥ ነበር። በጭነት መኪና ጫንናት። እዚያ አሮጌውን ቤንዚን ከላይ በቱቦ ስበው አወጡና አዲስ ሞሉ። የማስነሻ ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላ፣ ፑንቲናና ቦቢና ቀየሩ። የቤንዚን ፓምፑንም ቀየሩ። ሒሳቡ አንድ ገጽ ሞላ። የወጣው ዕቃ የት እንዳለ ብጠይቅ «ተጥሏል» ተባልኩ።

እውነቱን ለመናገር ሞተሩ ተነሥቷል። ቆማ ስትሠራ ምንም እንከን አልነበረባትም፤ በደልዳላው መንገድም ሄዳለች። የአዲሱ ገበያን ዳገት ስንጀምር ግን መንገጫገጭ አመጣች፣ አቅም አጣች፣ ጠፋች። ጥቂት አሳርፈን ስናስነሣት ትነሣለች፤ ትንሽ ወጣ ትልና እንደገና ትጠፋለች። ጋራዡ ስንደውል «እንግዲያው ካርቡሬተሩን እንቀይረዋ» አለን። እስከ ሱሉልታ ያዘገምነው በየመታጠፊያው ከኋላችን የከባድ መኪና ጥሩምባ እየሰማን ነው።

ወደ ጋሼ የመራን ጎረቤት ነው። ገብተን ገና ሰላም ሳንባባል ጋሼ ወንድሜን «ስትጠፋ በአንዴ ነው ወይስ እየተንገጫገጨች?» አሉት። የምነዳው እኔ ነኝ፣ የመለስኩትም እኔ ነኝ፤ ቀጣዩን ጥያቄ ግን አሁንም ለወንድሜ አቀረቡ። «ካረፈች በኋላ ትነሣለች?» መለስኩ። «ጠዋት በብርዱ ነው ወይስ ከሰዓት በሙቀቱ?» ይህንንም እኔ መለስኩ። ከዚህ በኋላ አንገታቸውን ወደ እኔ ማዞር ጀመሩ፤ ሙሉ በሙሉ የዞሩት ግን ቆይተው ነው፣ እደርስበታለሁ። ሴት ደንበኞች ይህንን ይወቁት። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ የለመዱት ሆኖባቸው ነው፤ ቢሆንም ያናድዳል።

ጥያቄዎቹ የወግ አልነበሩም። «መብራት ሲቋረጥባት በአንዴ ጸጥ ትላለች። ቤንዚን ሲያጥራት ግን እየለመነች ነው የምትጠፋው» አሉ። የሙቀቱ ጥያቄም የራሱ ምክንያት ነበረው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፤ በሞቀ ሞተር አጠገብ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ከሆነ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ያ ከሆነ መኪናዋ የምትጠፋው ስትሞቅ ብቻ ነው። ጋሼ ይህንን በቃል አልተዉትም። «ነገ ውርጩ ሳይለቅ አምጧት» አሉን። ኅዳር ነበር፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር የወጣነው። መኪናዋ በዚያ ብርድም ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት እንደጀመረች ጠፋች። ሙቀት አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያደረጉት ሙከራ ለዚህ ጋራዥ ገንዘብ የከፈልኩበት ዋናው ነገር ነው። ቮልስን የማያውቅ ሰው ካለ፦ ሳልባትዮዋ ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው ያለው፤ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ ከሳልባትዮው ሥር ባለ ወንፊት አልፎ፣ በመኪናዋ ወለል መሀል በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ በጎማ ቱቦ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑም ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ሶሌክስ ካርቡሬተር ይደርሳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ የትኛውም ቦታ ሊዘጋ ይችላል። ጋሼ ከአንዱ ጫፍ ጀምረው ሁሉንም አልፈቱም፤ መንገዱን መሀል ላይ ቆረጡት። ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ ከዋሻው በሚወጣበት በኩል አላቀው ጫፉን በብሎን ደፈኑት። ከፖርቶ መጋላው ላይ ክዳን ያለው ትንሽ የብረት ጣሳ በሽቦ አስረው፣ ንጹሕ ቤንዚን ሞልተው፣ ከዚያ ጣሳ አዲስ ቱቦ ወደ ፓምፑ አወረዱ። አሁን መኪናዋ የምትጠጣው ከጣሳው ነው፤ ሳልባትዮውና ዋሻው ከጨዋታው ወጥተዋል። ዳገቱን ወጣናት። ሳታቅማማ ወጣች። ስንመለስም ደግማ ወጣች።

በዚህች ሙከራ ብቻ ፓምፑም፣ ካርቡሬተሩም፣ ካንዴላውም፣ ቦቢናውም ከክሱ ነጻ ወጡ። እንቀይር የተባልነው ካርቡሬተር ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ከፓምፑ ወደ ፊት ነው።

ይህንን ግን ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳይሞክረው። የቮልስ ሞተር አካል የተሠራው ማግኒዥየም ካለበት ቅይጥ ነው፤ እሳት ከያዘው ውሃ አያጠፋውም፣ ያባብሰዋል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ስፒንትሮጅን ደግሞ ከፓምፑ ጎን ነው። ጋሼ የእሳት ማጥፊያውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ እያንዳንዱን የቱቦ ጫፍ በፋሼታ አጥብቀው፣ ሲጋራ የያዘ አንድ ደንበኛቸውን ከበሩ መልሰው ነው የሠሩት። ሰውየው ተቀይሟል።

ከፊት በኩል ደግሞ መጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን ከፈቱ። አየር የሚገባበት መንገድ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ሲከፈት አየር ሲሳብ ይሰማ ነበር፤ ነፍሳት በቀጭኗ የአየር ቱቦ ውስጥ ጎጆ የሠሩባቸው መኪኖች አይተዋል። የእኛዋ ድምፅ አልነበራትም። ከዚያ ከኋላ፣ ከዋሻው የሚወጣውን ቱቦ ባዶ የሃይላንድ ኮዳ ውስጥ አስገብተው ለቀቁት። ከፊት ሳልባትዮው ከፍ ስለሚል ቤንዚኑ በራሱ መውረድ አለበት። መጀመሪያ ጥሩ ወረደ፤ እያየነው ቀጠነ፤ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ጋሼ ከኋላ በኩል ትንሽ አየር በኮምፕሬሰር ሰጡት። ከፊት ሳልባትዮው ውስጥ ተንቦጫቦጨ፤ ወዲያውም ቤንዚኑ እንደ መጀመሪያው ወረደ። ወንድሜ «አበቃ፣ ተከፈተ!» አለ። ጋሼ አልሳቁም። «አሁን ብትነዷት ቤት ትደርሳላችሁ። ነገ ግን እዚያው ናችሁ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሳልባትዮው ሥር ዝቃጭ አለ። መኪናዋ ስትስብ ዝቃጩ ወደ ወንፊቱ ይሄድና ይለጠፍበታል፤ ስትቆም ስቡ ስለሚቀር ይራገፋል። ሲያርፉ የምትነሣው፣ ትንሽ ሄዳ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ቆማ ስትሠራ የምትፈልገው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ በተዘጋው ወንፊት የምታልፈዋ ትበቃታለች፤ ዳገት ላይ አትበቃትም። በአየር መንፋት ዝቃጩን ቦታ ማስለወጥ እንጂ ማውጣት አይደለም። ብዙ ጋራዥ ግን እዚህ ላይ ያቆምና «ተሠርቷል» ይላል።

ሳልባትዮውን አራት ብሎኖቹን ፈትተው አወረዱት። የመጀመሪያው ጋራዥ አሮጌውን ቤንዚን ከላይ ስለሳበ ከታች ያለው እንዳለ ነበር። ጋሼ ወደ ነጭ የፕላስቲክ ሳፋ ገለበጡት። ከላይ ቢጫ ቤንዚን፤ ከሥሩ ለብቻው የተኛ ውሃ፤ ከውሃው ሥር ደቃቅ ቡናማ ዝገት። ሽታውም የቤንዚን አልነበረም፤ የቆየ ቀለም ዓይነት የሚከረክር ሽታ ነው። ወንፊቱን አውጥተው ብርሃን ላይ ሲይዙት አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጥቂት ቀዳዳዎች ብርሃን ያሳልፉ ነበር፤ የቀረውን ቡናማ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚሰነጠቅ ሙጫ ሸፍኖታል።

ውሃው ከየት መጣ? ግማሽ ባዶ ሳልባትዮ የሱሉልታን ቀንና ሌሊት ሲያፈራርቅ በውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን ግድግዳው ላይ ይተዋል። ሌላም አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ እየተቀላቀለ አዲስ አበባ ላይ ይሸጥ ነበር፤ ማቀላቀያውም እዚሁ ሱሉልታ ነበር። ኋላ ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ ደግሞ ከቤንዚኑ ተለይቶ ይዞት ወደ ታች ይወርዳል። ቶሎ ቶሎ ለሚነዳ ሰው ችግር አይደለም። በ2005 ቦሎ ለቆመች መኪና ግን ሳልባትዮው ሥር፣ መውጫው አፍ ላይ፣ ለዓመታት የተኛ ዝገት አምጪ ነው። ለአሮጌ የጎማ ቱቦም ጠላት ነው።

ወደ ጎማ ቱቦው ልምጣ፤ ይህንን ጋራዥ እንዳምነው ያደረገኝ እርሱ ነው። ሳልባትዮው ችግር እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ምርመራውን ያቆም ነበር። ጋሼ ቀጠሉ። ሳልባትዮው ወርዶ ሳለ በዋሻው ቱቦ ንጹሕ ቤንዚን ከፊት ለቀቁበት። ከኋላ የወጣው አሁንም ቀጭን ነበር። የብረቱን ቱቦ ብቻውን ሲፈትኑት ጥሩ ያሳልፋል። እንግዲያው በማርሹ አካል በኩል ከብረቱ ወደ ፓምፑ የሚያያይዘው አጭር ጎማ ቱቦ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ደህና የሚመስል ጎማ ነበር። ጋሼ በምላጭ ለርዝመቱ ሰነጠቁትና ከፍተው በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የውስጡ ግድግዳ አብጦ፣ ለስልሶ፣ መሀሉ የክብሪት እንጨት የማያሳልፍ ሆኗል። በጣቴ ስነካው ጥቁር እድፍ ቀረብኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ አዲሱን ፓምፕ የገጠመው በዚሁ ጎማ ጫፍ ላይ ነው።

የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀየሩ፤ የፊቱም የኋላውም። ማጣሪያውን ጋሼ ከሞተሩ በላይ አልሰቀሉትም፤ ከፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር ነው ያደረጉት። ክብደቱ ቱቦውን ጎትቶ ቢያወልቀው ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ እንዳይፈስ ነው ምክንያታቸው። ብዙ ቮልሶች ላይ ማጣሪያው ካርቡሬተሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ አያለሁ፤ ባለቤቶቹ ይህንን ያንብቡልኝ።

ሳልባትዮውን የማጽዳት ጉዳይ ላይ ትንሽ ተከራከርን። የእርሳቸው ዘዴ ዳዶዎች ከትቶ መናጥ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ጥግ ላይ ያለውን ዝገት አያወጣም። እኔ ሲትሪክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጬ አመጣሁ። አሳደርነው። በማግስቱ የወጣው ውሃ ጠቆረ፤ የውስጡ ብረትም ግራጫ ሆኖ ታየ። በሶዳ ውሃ አለቀለቅነው። እርጥብ ሆኖ የቆየ ንጹሕ ብረት ወዲያው ስለሚዝግ ጋሼ በአየር አድርቀው ትንሽ ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን አንቦጫበጩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ፤ ዶክተር አይደለሁም ብላቸውም አልተዉኝም። ወንድሜን ግን እስካሁን የሚጠሩበት ስም የላቸውም።

ስለ ዋጋ። ለምርመራው 1,500 ብር ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ሥራውን እርሳቸው ጋ ባታሠሩም ትከፍላላችሁ። በዚህ የሚቆጡ ደንበኞች አይቻለሁ፤ «ማየት በነጻ ነው» የሚል ልማድ አለን። እኔ ግን ከከፈልኩት ሁሉ የማይቆጨኝ ይህ ነው። በነጻ ያየልኝ ጋራዥ ያስወጣኝ ገንዘብ የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። የእጅ ሥራውም ውድ አይባልም። የጎማ ቱቦውንና ማጣሪያውን ሶማሌ ተራ ሄጄ እንድገዛ ልካቸውን ጽፈው ሰጡኝ፤ ትርፍ አልጨመሩም። የወጣውን ሁሉ፣ የተሰነጠቀውን ጎማ ጭምር፣ በፌስታል አስረው መለሱልኝ። ደረሰኙ ግን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ የታተመ ለሚፈልግ አይሆንም።

መጥፎውንም ልበል። መጠበቂያ ቦታ የለም፤ አንድ የመኪና ወንበር ግንቡ ሥር አለ፣ ዶሮዎቹ ይዘውታል። መጸዳጃ ቤቱን አልገልጸውም። አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚያግዛቸው፤ እርሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሥራው ይቆማል። ልጁን ትምህርቱን እንዳያስቀሩበት ማድረጋቸው ያስመሰግናቸዋል፤ መኪናዬ ግን በዚህ ምክንያት ጣሪያ በሌለው ግቢ ከታሰበው በላይ ሰንብታለች። ቮልስና እርሷን የመሳሰሉ አሮጌ መኪኖች ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ኮምፒውተር ያለባትን መኪና ገና ከበሩ ይመልሷታል። ሥራ በበዛበት ሰሞን ከሄዱ ሰላምታውም ያጥራል።

ዋናው ቅሬታዬ የነዳጅ መለኪያው ነው። ሳልባትዮው ከመውረዱ በፊት መርፌው ይንቀሳቀስ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ሞልቼም ባዶ ይላል። በዚህ ሞዴል መለኪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሳልባትዮው አናት ላይ ካለው ተንሳፋፊ ሽቦ ይወጣል፣ ሲፈታ የተነቀለው እርሱ ነው። ጋሼ «ድሮም አይሠራም ነበር» አሉ። አባቴን ጠየቅነው፤ «እኔ መለኪያ አይቼ ነድቼ አላውቅም» ብሎ ነገሩን አበላሸብኝ። አሁን ቀርከሃ ላይ ሊትሩን ምልክት አድርጌ እየነከርኩ ነው የምለካው። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች፣ ደስ ይላታል። ለመለኪያው ግን እመለሳለሁ፤ ጋሼ ለዚህም የምርመራ 1,500 ብር ከጠየቁኝ አልከፍልም።